ሐረጎ ላይ የሚያዞረን ጆሮ

ይህ ጽሑፍ ደሴ ላይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለሰፈሩ ሰው ያደረግሁት ንግግር ነው። ስጽፈው ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። በመጨረሻ የተነሡትን ጥያቄዎች ግን መተው አልቻልኩም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ ጠዋት ከኮምቦልቻ የመጣሁት በሚኒባስ ነው። ሐረጎን፣ ያን ጠመዝማዛ ዳገት፣ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይገምተዋል። መጠምዘዣው ገና ከመጀመሩ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ከቦርሳዋ ሎሚ አወጣች። ረዳቱ ማንም ሳይነግረው ፌስታል አቀበላት። ከኋላ አንዲት እናት «መስኮቱን ክፈቱላት እንጂ!» አሉ። አንዱ ደግሞ «ንፋስ ይመታኛል» ብሎ እምቢ አለ። ያው የሁልጊዜው ክርክር ነው። ልጅቷ ከታች ጀምሮ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ነበር። ሹፌሩ ግን ያንኑ መጠምዘዣ እየዞረ፣ ማስቲካውን እያኘከ፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል። እሱን ምንም አላለውም።

አንድ መኪና፣ አንድ መንገድ። አንዷን ያቅለሸልሻታል፤ ሌላው ወሬውን ይቀዳል። ምክንያቱ ጆሯችን ውስጥ ነው። እኔ የማስተምረው አናቶሚ ስለሆነ ስለ ጆሮ አውርቼ አልጠግብም። ዛሬ ግን ስለኛ ጆሮ ብቻ አይደለም የማወራው። ከዚህ ተራራ ግርጌ፣ አፋር ውስጥ፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለሞተች አንዲት ሕፃን ጆሮም ጭምር ነው።

ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር። እንደምታዩት መብራት ሄዷል። አብሽሩ፣ ቡና አለ።

(እዚህ ላይ ቡና ወደምታፈላው እህታችን ሄጄ አንድ ሲኒ ሙሉ ቡና ተቀበልኩ። ፊት የተቀመጡት ተጠግተው አዩ።)

ይኸውላችሁ፣ ቡናው ላይ ትንንሽ አረፋ አለ። አንዷን አረፋ በዓይናችሁ ያዟት። አሁን ሲኒውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በፍጥነት ትንሽ አዞርኩት። አረፋዋ የት ሄደች? የትም። ሲኒው ዞረ፣ ቡናው ባለበት ቀረ። አሁን ደግሞ ሳላቋርጥ ላዙረው። ቀስ በቀስ ቡናውም አብሮ መዞር ጀመረ። ድንገት አቆምኩት። ሲኒው ቆሟል፤ ቡናው ግን አሁንም ይዞራል። ልጆች ሆነን ተሽከርክረን ተሽከርክረን ስንቆም ሰማይና ምድሩ የሚዞርብን ለዚህ ነው። እኛ ቆመናል፤ ጆሯችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን አልቆመም።

ጆሮ ስንል የሚታየን ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ነው። እሱ በሩ ነው። ገባ ስትሉ ታምቡሩ አለ። ከታምቡሩ ጀርባ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች አሉ። ትንሿ እርካብ ትመስላለች፤ ስሟም እርካብ ነው፤ ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን ስትወጡ «ጷ» የሚለው ይሄኛው ክፍል ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ከፍታው በ600 ሜትር ያህል ስለሚጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ምራቅ ስትውጡ ይስተካከላል። እሱን እንለፈው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ውስጠኛው ጆሮ ነው። ጠቅላላው ከአንድ የባቄላ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ግማሹ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሁለት ዙር ተኩል ተጠቅልሏል። የምንሰማው በእሱ ነው። ባቲን ከአምባሰል የምንለየው በእሱ ነው፤ ወሎዬ ሆኖ ይሄን የማይለይ ካለ እንኳ ጥፋቱ የጆሮው አይመስለኝም። ሌላው ግማሽ ሦስት ቀለበቶች ናቸው። እያንዳንዷ ቀለበት በውስጧ ምስር ብታሾልክ ነው። ባዶ ቧንቧ ናት፤ ፈሳሽ ተሞልታለች። ጭንቅላታችን ሲዞር ቧንቧው ይዞራል፣ ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፣ እንደ ቡናው። የቀረው ፈሳሽ ጭራ የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ያሏቸውን ሕዋሳት ይገፋል። አንጎል «ዞርን» የሚል ወሬ የሚደርሰው ከእነሱ ነው።

ለምን ሦስት ሆኑ? ጭንቅላታችሁን ነቅንቃችሁ «እሺ» በሉኝ። ጥሩ። አሁን ግራ ቀኝ አወዛውዛችሁ «እምቢ» በሉኝ። ይሄን ደግሞ ምን ያህል እንደምንችልበት ሁላችንም እናውቃለን። ከሦስቱ ቀለበቶች ሁለቱ ቆመዋል፤ አንዷ ተኝታለች። የቆሙት «እሺ»ን ይይዛሉ፤ ወደ ጎን ስንጋደልም የሚነግሩን እነሱ ናቸው። የተኛችው «እምቢ»ን ትይዛለች። ነገሩን ቀለል አድርጌዋለሁ፤ የሕክምና ተማሪ ካለ ይቅር ይበለኝ። ግን እነዚህን ሁለት ስሞች ያዙልኝ፤ የእሺ ቀለበቶችና የእምቢ ቀለበት። በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ሰው ይሄን ያወቀው ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1820ዎቹ ፒየር ፍሉራንስ የሚባል ፈረንሳዊ የርግብ ጆሮ ውስጥ ካሉት ቀለበቶች አንዷን ቆረጠ። ርግቧ መስማት አላቆመችም። ጭንቅላቷ ግን በቆረጠባት ቀለበት አቅጣጫ ይወዛወዝ ጀመር። የምትተኛዋን ከቆረጠ ግራ ቀኝ፣ የምትቆመውን ከቆረጠ ላይ ታች። ያሳዝናል። ጆሮ ከመስማት ሌላ ሥራ እንዳለው ግን የታወቀው እንዲህ ነው።

እናንተ ርግብ ሳታሠቃዩ ልታዩት ትችላላችሁ። ስልካችሁን አውጡና የሆነ ጽሑፍ ክፈቱ። ጭንቅላታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ስልኩን ቶሎ ቶሎ ግራ ቀኝ አወዛውዙት። ፊደሉ ጠፋ አይደል? አሁን ስልኩን አቁሙት። በዚያው ፍጥነት ጭንቅላታችሁ «እምቢ» ይበል። ይነበባል! ጭንቅላት ወደ ቀኝ ሲሄድ ቀለበቷ ለዓይን ታዘዋለች፤ ዓይን ወደ ግራ ይዞራል። በአንድ መቶኛ ሰከንድ ገደማ። አንጎላችን አስቦ የሚያደርገው አይደለም። ይሄ ባይኖር ኖሮ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ በእግር ስትሄዱ የሰው ፊት አትለዩም ነበር። እያንዳንዱ እርምጃ ጭንቅላትን ይነቀንቃል፤ ዓለም እንደ ተበላሸ ቪዲዮ በዘለለች ነበር።

የሚኒባሷን ልጅ ነገር እዚህ ጋ ልጨርሰው። ዓይኗ ስልክ ላይ ነው፤ «ቆመናል» ይላል። ጆሮዋ «እየዞርን ነው» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ሆድ ይገባበታል። ሹፌሩ መንገዱን ያያል፤ መሪውን የሚያዞረውም እሱ ነው፤ ዓይኑና ጆሮው ይስማማሉ። ስለዚህ ሐረጎ ላይ ፊት ተቀመጡ፣ ውጭ ውጭውን እዩ። ሎሚውም ቢሆን ክፋት የለውም።

አሁን ወደ አጥንቱ።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ለልምምድ የተሰጠን የራስ ቅል ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። ፊቱ ተሰባበረ፣ የጎኑ አጥንት እንደ ቂጣ ተፈረከሰ። የተቆጡኝን ቁጣ አልነግራችሁም። ስብርባሪውን ተንበርክኬ ስለቅም ግን አንድ ነገር አየሁ። ከጆሮ ቀዳዳ ወደ ውስጥ የሚገባው ሾጠጥ ያለ ቁራጭ ጭረት እንኳ አልነካውም። ፈረንጆቹ «ዓለታማ» የሚሉት አጥንት ነው። በሰውነታችን ካሉት አጥንቶች ሁሉ ጥቅጥቅ ያለው እሱ ነው። ውስጠኛው ጆሮ የተቀበረው እዚያ ውስጥ ነው። ጋሞ ውስጥ ከሞጣ ዋሻ የወጣውን የ4,500 ዓመት ሰው ታስታውሱ ይሆናል። በ2015 ዘረመሉ ሲነበብ ናሙናው የተወሰደው ከዚሁ አጥንት ነበር። ሌላው አጥንት ዘረመሉን በሙቀት ሲያጣ ይሄኛው አስቀምጦ ቆየ።

ከጥንካሬው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ይህ ክፍል የአዋቂ ሰው መጠኑን የሚይዘው ማሕፀን ውስጥ ነው፣ በእርግዝናው አጋማሽ አካባቢ። ከዚያ በኋላ አያድግም። የአራስ ልጅና የአያቱ ቀለበቶች እኩል ናቸው። እግርን ተመልከቱ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጦሳ ተራራ ላይ ከብት ሲያባርር ያደገ ሰው የእግር አጥንትና ወንበር ላይ ያደገ ሰው የእግር አጥንት አንድ አይሆንም። አጥንት ሥራን ይጽፋል። ቀለበቶቹ ግን ኑሮ አይነካቸውም። ከዘር የመጣውን ብቻ ይዘው ይቀመጣሉ።

ቅሪተ አካል ሲሆን ፈሳሹም ሕዋሱም ይጠፋል። የሚተርፈው ባዶው ቦይ ነው፤ አንዳንዴም አሸዋ ይሞላዋል። ድሮ ያን ለማየት አጥንቱን መሰንጠቅ ያስፈልግ ነበር። የሚሊዮን ዓመት አጥንት ላይ መጋዝ የሚያነሣ ማን አለ? ሲቲ ስካን ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በ1994 ፍሬድ ስፖር፣ በርናርድ ውድና ፍራንስ ዞኔቬልድ የድሮዎቹን የራስ ቅሎች በዚህ መሣሪያ አይተው ውጤቱን «ኔቸር» መጽሔት ላይ አወጡ።

የእሺና የእምቢ ቀለበቶችን አሁን አምጡልኝ። ቺምፓንዚና ጎሪላ ጋ ሲነጻጸሩ የኛ የእሺ ቀለበቶች ሰፋ ያሉ ናቸው። የእምቢዋ ግን አልሰፋችም፣ እንዲያውም አነስ ትላለች። ቀለበት ሲሰፋ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይበዛል፤ ትንሿንም እንቅስቃሴ ይሰማል። በሁለት እግር የሚሄድ፣ ይልቁንም የሚሮጥ ፍጡር ጭንቅላቱ በየእርምጃው «እሺ እሺ እሺ» ይላል። ስለዚህ የእሺ ቀለበት መስፋቱ ትርጉም ይሰጣል። እነ ስፖር ያገኙት ይሄን ነው፦ የኛን የሚመስል ቀለበት መጀመሪያ የታየው ሆሞ ኤሬክተስ በሚባለው የጥንት ሰው ላይ ነው። ከ2 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አውስትራሎፒቴከሶች፣ የእነ ሉሲ ወገኖች፣ ቀለበታቸው ወደ ቺምፓንዚዎቹ ያደላል።

ይሄኔ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፋችሁ ባቲን ስታልፉ ሙቀቱ ፊታችሁን ይመታችኋል። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ግመል ይዘው የሚወጡት ወንድሞቻችን አገር ነው። ወደ ሚሌ ወረድ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ። ሉሲ በ1974 የተገኘችበት ሐዳር እዚያ ነው። ከአዋሽ ማዶ ደግሞ ዲኪካ አለ። በ2000 መጨረሻ የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ከዲኪካ የአንዲት ሕፃን አጥንት አገኘ። 3.3 ሚሊዮን ዓመት የቆየ ነው። ስሟን ሰላም አሏት። ስትሞት 3 ዓመት ገደማ ቢሆናት ነው። አጥንቷ እንደ ሲሚንቶ በጠጠረ አሸዋ ተይዞ ስለነበር ዘረሰናይ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ ይዞ ዓመታት ፈቀፈቀ። ለዓለም የተነገረው በ2006 ነው።

ሕፃን መሆኗ ለብዙ ነገር ችግር ነው። ቁመቷ ስንት ይደርስ ነበር? ጡንቻዋስ? መገመት ነው። ለጆሮ ግን ችግር የለውም። የ3 ዓመት ልጅ ጆሮ ያለቀለት ጆሮ ነው አልኳችሁ። ስካን ተደርጎ ሲታይ የሰላም ቀለበቶች የአፍሪካ ዝንጀሮ መሰሎቹን፣ የቺምፓንዚና የጎሪላን ዓይነት ሆነው ተገኙ።

ነገሩ የሚጥመኝ እዚህ ላይ ነው። እግሯና ጉልበቷ በሁለት እግር ትሄድ እንደነበር ይናገራሉ። ታንዛንያ፣ ላኤቶሊ ላይ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ የቀረ የ3.66 ሚሊዮን ዓመት ዱካ አለ። በሁለት እግር የተሄደ ነው፤ የሰላም ዝርያ እንደሆነ ይታመናል። ትከሻዋ ግን ዛፍ ለመውጣት የሚመች ነበር። ጆሮዋም ከትከሻዋ ጋር ያብራል። እና ማንን እንመን? እግርን ወይስ ጆሮን?

እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። መሄድና መሮጥ አንድ ነገር አይደሉም። ሰላምና ዘመዶቿ ቀስ ብለው በሁለት እግር ይሄዱ ነበር፤ ሲመሽ ወይም ሲፈሩ ዛፍ ላይ ይወጡ ነበር። ረጅም ርቀት መሮጥ ግን ገና አልመጣም። መሮጥ ጭንቅላትን ክፉኛ ይነቀንቃል። ጉጉ ሆናችሁ ማራቶን ስታዩ የሯጮቻችንን ጭንቅላት ተመልከቱ፤ ትከሻው ይናጣል፣ ዓይኑ ግን ከመንገዱ አይነቀልም። ያን የሚያደርግ ጆሮ ከእግሩ በጣም ዘግይቶ መጣ። በእግር መሄድ ከጀመርን በኋላ ጭንቅላታችን ሩጫ እስኪለምድ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወሰደ ማለት ነው።

ሁሉም ግን በዚህ አይስማማም። የቀለበት ቅርጽ አካሄድን ብቻ አይከተልም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። የአንጎል ማደግ፣ የራስ ቅሉ ወለል ቅርጽ፣ ዝም ብሎ በዝምድና የሚወረስ ልዩነትም ያስለውጠዋል። እውነት አላቸው። በዛሬዎቹ ሰዎች መካከል እንኳ የቀለበቱ ቅርጽ ከአፍሪካ ከወጡበት ርቀት ጋር እየራቀ እንደሚሄድ በ2018 ታይቷል። ያ ከሩጫ ጋር ምንም አያገናኘውም። ደቡብ አፍሪካ የተገኘው «ትንሹ እግር» የሚሉት አጽም ደግሞ ጆሮው ከወዲህም ከወዲያም የተቀላቀለ ነው። ስለዚህ በአንድ ምስክር አይፈረድም። እግሩም ይምጣ፣ ትከሻውም ይምጣ፣ ጆሮውም ይምጣ።

ጆሮ ማንነትን ይለያል ሲባል ግን ብዙ ክርክር የለም። ኒያንደርታሎች፣ የጠፉት የሰው ዘመዶች፣ ከኋላ የቆመችው ቀለበታቸው ከኛ ዝቅ ብላ ትገኛለች። ፈረንሳይ ውስጥ የአንድ ሕፃን ቁራጭ አጥንት ከእነ ጌጣጌጡ በተገኘበት ቦታ ላይ ኒያንደርታሎች እንደኖሩ በ1996 የታወቀው በዚህች ምልክት ነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን የስፔኗ ልጅ ነገር ነው። በ1989 ኮቫ ኔግራ ከተባለ ዋሻ ብዙ ስብርባሪ አጥንት ወጣ። ከእንስሳት አጥንት ጋር ተደባልቆ የቆየ አንድ የኒያንደርታል ልጅ የጆሮ አጥንት ነበረበት። በስካን ሲታይ ቀንድ አውጣዋ አነስ ያለች ነበረች፣ የእምቢ ቀለበቷም የተዛባች። ሁሉም ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ ወደ ዳውን ሲንድሮም ያመለክታሉ። ውጤቱ በ2024 ወጣ። ተመራማሪዎቹ ቲና አሏት። በደንብ አትሰማም፤ ያዞራታል፤ ሚዛኗን ይነሣታል። ያም ሆኖ ቢያንስ 6 ዓመት ኖራለች። ቦታ እየቀያየሩ በአደን በሚኖሩ ሰዎች መካከል እንዲህ ያለችን ልጅ እናት ብቻዋን ልታሳድግ አትችልም፤ ሌሎችም ያግዟት ነበር ይላሉ። ያዘሏት፣ ያጎረሷት ሰዎች ነበሩ። ይሄን የነገረን የባቄላ ፍሬ የሚያህል ባዶ ቦይ ነው።

ከዚያ ጥያቄ ተጀመረ። አንድ አባት ተነሥተው «እንግዲህ ከዝንጀሮ መጣችሁ ልትለን ነው?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። «አባቴ፣ ተራራው ላይ ካለው ጭላዳ ማንም አልመጣም» አልኳቸው። «ጭላዳውም እኛም የየራሳችን ረጅም መንገድ አለን፤ መንገዱ ወደ ኋላ ሲኬድ ይገናኛል። እምነትዎን ልነካ አልመጣሁም፤ አጥንቱ ላይ ያየሁትን ነው የምነግርዎ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሺ ይሁን የእምቢ፣ ከሩቅ አልለየሁትም።

አንዲት እናት ደግሞ አልጋ ላይ ወደ ጎን ሲገላበጡ ቤቱ እንደሚዞርባቸው ነገሩኝ። ጆሯችን ውስጥ ከቀለበቶቹ አጠገብ ኖራ መሰል ጥቃቅን ጠጠሮች አሉ፤ አንዳንዴ ከቦታቸው ተላቀው ቀለበት ውስጥ ይገባሉ። ሐኪም ጭንቅላትን በዘዴ እያዘነበለ ሊመልሳቸው ይችላል። «ሐኪም ጋ ይሂዱ እንጂ ከኔ አይታከሙ» አልኳቸው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ነው የመጣው። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነው።

«ሰላም ሐረጎን በሚኒባስ ብትወጣ ያስመልሳት ነበር?»

በዚህ ጥያቄ ያላሰብኩትን ያህል ቆምኩ። ከዚያ መለስኩለት። ቀለበቶቹ ያሉት እንስሳ ሁሉ ማለት ይቻላል ሊያቅለሸልሸው ይችላል፤ ውሻን ያስመልሰዋል፣ በገንዳ የሚጓጓዝ ዓሣን እንኳ ያውከዋል። የማያቅለሸልሸው ውስጠኛው ጆሮው ጨርሶ የማይሠራ ሰው ነው። ሰላም ቀለበቶቿ ሙሉ ነበሩ። ግን ከ2 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መኪና ብዙም አይነካቸውም፤ የሚብሰው ከ6 ወይም ከ7 ዓመት በኋላ ነው። የሷ ዕድሜ መሃል ላይ ነው።

«እና?» አለ ልጁ።

እና ሎሚና ፌስታል ይዞ መጠበቅ ነው አልኩት።